የእስረኞችን የአእምሮ ጤና ማጥናትና ማስተማር ለምትፈልጉ፦ ከርዕስ በፊት በር ምረጡ

ባለፈው ሰሞን አንዲት የማስተርስ ተማሪ ፕሮፖዛሏን ይዛ ቢሮዬ መጣች። ወረቀቱን ሳልገልጠው «ርዕሱን ልገምትልሽ?» አልኳት። «በእንትን ማረሚያ ቤት በሚገኙ ታራሚዎች ላይ የድባቴ ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች።» ሳቀች። የሳትኩት የማረሚያ ቤቱን ስም ብቻ ነበር።

ጥናቱ መጥፎ ነው አላልኳትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት። «ዳታሽን ከሰበሰብሽ በኋላ እዚያ ግቢ ተመልሰሽ የምትሄጂው መቼ ነው?» ዝም አለች። እኔም በእሷ ዕድሜ ብጠየቅ ዝም ነበር የምለው።

ይህን የምጽፈው እንደ እሷ ላሉት ነው። ሶሻል ወርክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የሳይካትሪ ነርሲንግ ወይም ሕግ ተምራችሁ፣ ወንጀል ውስጥ የገቡ ሰዎችን የአእምሮ ጤና እያጠናችሁና እያስተማራችሁ መኖር ካሰባችሁ ማለቴ ነው። ምክሬ ባጭሩ ይሄ ነው፤ ከርዕስ በፊት በር ምረጡ። አንድ ማረሚያ ቤት ሊሆን ይችላል፣ አንድ ችሎት ወይም አንድ የሆስፒታል ክፍል ሊሆን ይችላል። ዋናው ዓመት ከዓመት የምትመለሱበት መሆኑ ነው። ርዕስ በየሴሚስተሩ ይቀየራል፤ የበሩ ዘበኛ ስማችሁን እስኪያውቅ ድረስ ግን ጊዜ ይፈጃል፣ እሱ ካላወቃችሁ ደግሞ ውስጥ ያለው ሰው መቼም አያምናችሁም።

ስሙ የለም፣ ሥራው አለ

ፎረንሲክ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው አስከሬን ምርመራና የጣት አሻራ ነው። እናቴ እስካሁን ሬሳ የምመረምር ነው የሚመስላት። ፎረንሲክ ሶሻል ወርክ ግን ሶሻል ወርክ ከፍርድ ቤት፣ ከፖሊስና ከማረሚያ ቤት ጋር ሲገናኝ ነው። የተከሳሹን የሕይወት ታሪክ ለዳኛ ማቅረብ፣ እስር ላይ ያለውን የታመመ ሰው መከታተል፣ ሲፈታ ቤተሰቡና ሰፈሩ እንዲቀበሉት መሥራት፣ ተጎጂውንም መደገፍ። ይሄ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል።

ይህን ስም የያዘ ክፍት የሥራ መደብ ስትፈልጉ አትዋሉ። ሥራው በሌላ ስም ነው ያለው። ልደታ የሕፃናት ችሎት ያለውን አሠራር እዩ። ምስክር የሆነው ልጅ ተከሳሹ ፊት አይቆምም። ሌላ ክፍል ከባለሙያ ጋር ይቀመጣል፣ ችሎቱ በስክሪን ያየዋል፣ የጠበቃውንና የዐቃቤ ሕጉን ጥያቄ ልጅ በሚገባው ቋንቋ አድርጎ የሚያደርሰው ያ ባለሙያ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ደግሞ ፍርድ ቤት ለአእምሮ ምርመራ የሚልካቸው ሰዎች ይመጣሉ። ማረሚያ ቤቶችም የምክርና የተሃድሶ ሥራ አላቸው።

አሁን ወደ ሕጉ። የሕግ ሰው ካልሆናችሁ እንኳን የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ገዝታችሁ ከአንቀጽ 48 እስከ 54 ያለውን ደጋግማችሁ አንብቡ። አንቀጽ 48 አንድ ሰው ድርጊቱን ሲፈጽም በሕመም ወይም በመሳሰለው ምክንያት የሚያደርገውን መረዳት ወይም ራሱን መቆጣጠር ካልቻለ ኃላፊ አይሆንም ይላል። 49 በከፊል ኃላፊ ስለሆነው ነው። ለኛ ትልቁ ግን 51 ነው። ዳኛው ስለ ተከሳሹ ኃላፊነት ሲጠራጠር የባለሙያ አስተያየት ይጠይቃል፤ የአእምሮ መታወክ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ከታየበት መጠየቅ አለበት። ብዙ የኛ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «ይሄ የሐኪም አንቀጽ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ቀጥሎ ያለውን አያነብም። ዳኛው ስለ ሰውየው ጠባይ፣ ስላለፈ ሕይወቱና ስለ ኑሮው ሁኔታ ምርመራ እንዲደረግ ማዘዝም ይችላል። ጠባይ፣ ያለፈ ሕይወት፣ የኑሮ ሁኔታ! ይሄኮ የሶሻል ወርክ እንጀራ ነው። አንቀጽ 54ም ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች ተመሳሳይ በር ይከፍታል።

የዚሁ አንቀጽ 51 መጨረሻ ላይ አንድ ልጓም አለ። ዳኛውን የሚያስገድደው የተረጋገጠ ሳይንሳዊ ግኝት ብቻ ነው፤ ባለሙያው ከግኝቱ ተነስቶ የሚሰጠው የሕግ ድምዳሜ አያስገድደውም። ይህችን ያዙልኝ፣ ሪፖርት አጻጻፍ ላይ እመለስባታለሁ።

ስለ ትምህርቱ

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት የጀመረው በንጉሡ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ደርግ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2004 በማስተርስ ተመልሶ ተከፈተ፣ ፒኤችዲው በ2006 ተከተለ። ይህን የምነግራችሁ ለታሪክ ጌጥ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ገደማ ትምህርቱ ተቋርጦ ነበር ማለት፣ ዛሬ የፎረንሲክ ፕሮፌሰር ሆኖ ሊያማክራችሁ ይችል የነበረው ትውልድ አልተማረም ማለት ነው። ስለዚህ አማካሪ አጣሁ ብትሉ አይፈረድባችሁም። መፍትሔው ሁለት አማካሪ መያዝ ነው፤ አንዱን ከሶሻል ወርክ፣ አንዱን ከሳይካትሪ ወይም ከአእምሮ ጤና። ሦስተኛ፣ ወረቀት ላይ የማይጻፍ፣ ቡና እየጠጣችሁ «ይሄ ነገር ችሎት ላይ እንዴት ነው የሚታየው?» የምትሉት አንድ ጠበቃ ወይም ጡረታ የወጣ ዳኛ ፈልጉ። እኔ ከሁለቱ ፊርማ ካላቸው ይልቅ ከሦስተኛው ነው ብዙ የተማርኩት።

ማስተርስ ለመግባት አሁን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ማለፍ አለባችሁ። የሶሻል ወርክ ማስተርስ አዲስ አበባም ጎንደርም አለ። የአእምሮ ጤናውን ጎን ማጠንከር የምትፈልጉ የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ጅማና ጎንደር የሚሰጠውን የክሊኒካልና የማኅበረሰብ አእምሮ ጤና ማስተርስ እዩት። የትኛውንም ብትማሩ፣ ከማስተርስ ተነስታችሁ ቀጥታ ወደ ፒኤችዲ አትዝለሉ። ቢያንስ ሁለት ዓመት ሰው ጋር ሥሩ። ሆስፒታል ይሁን፣ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ይሁን፣ የተፈቱ ሰዎችን የሚያቋቁም ድርጅት ይሁን፣ ግድ የለም። ደንበኛ ሰድቦት የማያውቅ መምህር ክፍል ውስጥ ያስታውቃል።

ደብዳቤው እስኪመጣ ችሎት ተቀመጡ

ማንም የማይነግራችሁ ነፃ ትምህርት ቤት አለ። ችሎት በመርኅ ለሕዝብ ክፍት ነው። ስልካችሁን አጥፍታችሁ፣ የጨዋ ልብስ ለብሳችሁ፣ የወንጀል ችሎት ኋላ ወንበር ላይ ሁለት ሳምንት ተቀመጡ። ማስታወሻ ስለመያዝ መጀመሪያ የችሎቱን ሠራተኛ ጠይቁ። «ያመዋል» የምትለው ቃል ስንቴ እንደምትነሳና ማን እንደሚያነሳት ቁጠሩ። ጠበቃው ነው? እናትየዋ ናት ከኋላ ቆማ? ፖሊሱ ነው? ከተነሳች በኋላስ ዳኛው ምን አደረገ፣ አለፈው ወይስ ለምርመራ ላከው? እኔ የመጀመሪያው ጥሩ የምርምር ጥያቄዬ የመጣው ከቤተ መጻሕፍት አይደለም። አንድ ወጣት ዳኛው ሲጠራው ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆሞ ነበር፣ ሁሉም ሰው ንቀት መስሎት ተቆጣ፣ እኔም መጀመሪያ እንደዛው ነው ያሰብኩት።

ደብዳቤውን በተመለከተ፣ «የትብብር ደብዳቤ» የምትባለዋ ወረቀት የዚህ መስክ ፓስፖርት ናት። መንገዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲያችሁ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ያጸድቃል። ከዚያ ዲፓርትመንቱ ለማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን ይጽፋል። ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ፣ ዝዋይና ሸዋ ሮቢት ፌዴራል ናቸው፤ ክልል ላይ ያሉት ለየክልሉ ኮሚሽን ነው የሚጻፍላቸው። የተጻፈለት ቢሮ ከተሳሳተ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ፕሮቶኮል ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይም ጻፉት፣ ምክንያቱም ስልኩ በር ላይ ይቀራል። ኮፒ አምስት ያዙ። ማኅተሙ በደንብ ይነበብ። የማኅተሙ ጠርዝ ደብዝዞ ነው ተብሎ አንድ ቀን ሙሉ በር ላይ ቆሜ አውቃለሁ።

ድምፅ መቅጃ ይፈቀድልኛል ብላችሁ ዕቅድ አታውጡ። በእጅ እንደምትጽፉ አስባችሁ ዲዛይን አድርጉ፣ ከተፈቀደ ትርፍ ነው። ከወጣችሁ በኋላ በዚያው ምሽት፣ እራት ሳትበሉ ብል ይሻላል፣ የሰማችሁትን በሙሉ ጻፉ። «ነገ እጽፈዋለሁ» የተባለ ቃለ መጠይቅ ግማሹ የራሳችሁ ፈጠራ ነው።

የኔ የመጀመሪያ ውርደት

ስሙን የማልጠራው አንድ ማረሚያ ቤት ነው። ሃያ ጥያቄ ያለውን የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ይዤ ገባሁ። በአዎና በአይደለም የሚመለስ ነው፣ ቀላል። ጥሩ ጠረጴዛ ሰጡኝ፣ ሻይም መጣ። ካቦው፣ የታራሚዎቹ አለቃ ማለት ነው፣ ሰዎቹን እየጠራልኝ አጠገቤ ተቀመጠ። ተባባሪ ሰው ነው ብዬ ደስ አለኝ። የመጀመሪያው ታራሚ ሁሉንም «አይደለም» አለ። ሁለተኛውም። እስከ ምሳ ድረስ ግቢው ውስጥ አንድም የከፋው ሰው አልነበረም። እኔ ነኝ የከፋኝ።

ስህተቱ የካቦው አልነበረም። የኔ ነው። አልቅሼ አውቃለሁ ብሎ አብሮት የሚያድረው አለቃ ፊት የሚናገር ማን አለ? ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ለወጥኩ። አንደኛ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምንም አልጠይቅም። ደብዳቤ ማንበብ የሚፈልግ ካለ አነባለሁ፣ እንግሊዝኛ የሚማሩ ካሉ አስተምራለሁ። ሁለተኛ፣ ድምፅ የማይሰማበት ግን ጠባቂ በዓይኑ የሚያየው ቦታ እጠይቃለሁ፤ ይህ ለጠባቂውም ለኔም ለታራሚውም ይሻላል። ሦስተኛ፣ ፊርማ ተውኩ። እዚህ ቤት ያለ ሰው «እዚህ ጋ ፈርም» ሲባል ፖሊስ ጣቢያ ቃል የሰጠበት ቀን ነው የሚመጣበት። የቃል ፈቃድ እንዲበቃ ምክንያቱን ጽፋችሁ ኮሚቴውን አስፈቅዱ።

ሁሌም የሚመጣ ጥያቄ አለ። «መምህር፣ ይሄ ለአመክሮ ይጠቅመኛል?» በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 ላይ ቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ የፈጸመ ሰው ሌላውን መስፈርት ካሟላ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል፣ ስለዚህ ጥያቄው የዋዛ አይደለም። መልሱ «አይጠቅምህም፣ አይጎዳህምም» ነው፤ ሳይጠየቅ፣ ከመጀመሪያው መነገር አለበት። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ተነስቶ ይሄዳል። ይሂድ። ሳሙና ወይም ካልሲ መስጠት ካማራችሁ ከአስተዳደሩ ጋር ተነጋግራችሁ ለተሳተፈውም ላልተሳተፈውም እኩል ስጡ።

ሌላም አለ። ጉዳዩ ገና በቀጠሮ ላይ ያለ ሰው ስለ ድርጊቱ እንዲያወራ አትጋብዙት። የተመራማሪ ማስታወሻ ደብተር ፍርድ ቤት ሊጠየቅ የሚችል ወረቀት ነው። «ስለ ክስህ አትንገረኝ፣ ራስህን ወይም ሌላ ሰው ልትጎዳ እንዳሰብክ ከነገርከኝ ግን ለብቻዬ አልይዘውም» በሉት፣ በዚሁ ቃል። ራሱን ስለማጥፋት የሚጠይቅ ጥያቄ ያለበት መጠይቅ ይዛችሁ፣ አዎ ያለውን ሰው ለማን እንደምታደርሱ ሳታውቁ አትግቡ። የክሊኒኩን ነርስ ስም ቀድማችሁ እወቁ።

ቁጥሩን ስታወጡ

ድባቴን የሚለካው ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መጠይቅ በአማርኛ አለ፣ አገር ውስጥም ተፈትሿል። የተፈተሸው ግን ጤና ተቋም በመጡ ሰዎች ላይ እንጂ አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ በሚያድር ሰው ላይ አይደለም። አንዱን «የምግብ ፍላጎትህ ቀንሷል?» ብለው «ምግቡን አይተኸዋል?» አለኝ። እንቅልፍስ? መብራቱ ሌሊቱን በሚበራበት፣ ሰው ለሽንት በወጣ ቁጥር እግርህን በሚረግጥህ ቦታ ደህና እተኛለሁ የሚል ካለ እሱ ነው መመርመር ያለበት።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ የጥናቶች ጥናት ከ24 አገሮች 33,588 እስረኞችን አጠቃሎ፣ ከባድ ድባቴ ያለባቸው ወንዶች 10.2 በመቶ፣ ሴቶች 14.1 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። ሳይኮሲስ (ሰውን ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም) በወንዶች 3.6፣ በሴቶች 3.9 በመቶ ነበር። የኛ አገር ጥናቶች ብዙ ጊዜ ከዚህ በጣም የበለጠ ቁጥር ያወጣሉ። እስር ቤቶቻችን የከፉ ስለሆኑ ነው ብሎ መደምደም ያጓጓል፣ ሊሆንም ይችላል። ግን ያ ጥናት የወሰደው በክሊኒካል ቃለ መጠይቅ የተመረመሩትን ነው፤ እኛ ደግሞ የምናስሞላው የማጣሪያ መጠይቅ ነው። ማጣሪያ በሽታ አለ አይልም፣ ይታይ ነው የሚለው። ቢያንስ ማጣሪያው ምልክት ካሳየባቸው ሰዎች የተወሰኑትን የአእምሮ ሐኪም እንዲያያቸው አድርጉ። ለዚህ ነው ሁለት አማካሪ ያልኩት።

ቃላትም ያታልላሉ። በሰፈር አማርኛ «ደበረኝ» ማለት ሰለቸኝ ማለትም ነው። «ጭንቀት» የቀጠሮ ቀን ፍርሃትም ሕመምም ነው። «ነካ ያደርገዋል»፣ «ለክፎት ነው»፣ «ሐሳብ ነው የያዛት» ሲባል የተባለውን ቃል እንዳለ ጻፉ፣ ቶሎ ብላችሁ ወደ ሕክምና ቃል አትቀይሩት።

የስርጭት ጥናት ሰለቸን ካላችሁ ምን ይጠና? ፍርድ ቤት ምርመራ ካዘዘ በኋላ ሰውየው ተመርምሮ እስኪመለስ ስንት ጊዜ ይፈጃል፣ በዚያ መሀል የት ነው ያለው? ኃላፊ አይደለም የተባለ ሰውስ የት ይሄዳል? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 129 እና ተከታዮቹ በተቋም ውስጥ ስለ ማቆየትና ስለ ሕክምና ይናገራሉ፤ የተባበሩት መንግሥታት ስለ እስረኞች አያያዝ ያወጣቸው የማንዴላ ሕጎች ደግሞ 109ኛው ላይ እንዲህ ያለ ሰው እስር ቤት መቀመጥ የለበትም ይላሉ። ከእናታቸው ጋር እስር ቤት የሚያድጉ ሕፃናትስ? ከዓረብ አገር እስር ቤት ተባረው የተመለሱት እህቶቻችን፣ ቦሌ ከወረዱ በኋላ ማን ይከታተላቸዋል? እኔን በግሌ የሚያስገርመኝ ደግሞ ክፍል ውስጥ ያለው የእርስ በርስ መተሳሰብ ነው። አንድ የታመመ ልጅ ነበር፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚያውጠው፣ ልብሱን የሚያጥብለት፣ ጎኑ የተኛ የነፍስ ግድያ ፍርደኛ ነው። ይህን የሚለካ መጠይቅ አላገኘሁም።

ለዳኛው የሚጻፍ ሪፖርት

አካዳሚ ውስጥ መኖር ብትፈልጉም የማኅበራዊ ታሪክ ሪፖርት መጻፍ ካልቻላችሁ ተማሪ ማስተማር አትችሉም። ክፍል ውስጥ ሁለት አንቀጽ ጎን ለጎን አስነብባለሁ። ጉዳዩ የፈጠራ ነው።

የመጀመሪያው፦ «ተከሳሹ የአእምሮ ችግር ያለበትና ጠበኛ ባሕርይ ያለው በመሆኑ በድርጊቱ ሊጠየቅ አይገባም።»

ሁለተኛው፦ «እናቱና የቤት አከራያቸው ለየብቻ ተጠይቀው፣ ከጥምቀት ሰሞን ጀምሮ ሌሊት እንደማይተኛ፣ ሬዲዮው ስሜን እየጠራ ይሰድበኛል ይል እንደነበር ገልጸዋል። አከራዩ ጊዜውን ያስታወሱት በጥምቀት ዕለት ሬዲዮውን ስለሰበረው ነው። ድርጊቱ የተፈጸመው የካቲት 9 ነው። በመካከሉ ወደ ጤና ተቋም አልሄደም፤ ሁለት ሳምንት ጠበል ቆይቷል። ጠበሉ ቦታ አብሮት የነበረውን ሰው ማግኘት አልቻልኩም።»

የመጀመሪያው ዳኛ መሆን አምሮታል። ያችን የአንቀጽ 51 ልጓም ረስቷታል። ሁለተኛው ማን እንደተናገረ፣ ለምን እንደሚታመን፣ ምን እንደጎደለ ይናገራል፤ «ሊጠየቅ አይገባም» የሚለውን ለዳኛው ትቶለታል። በዓላቱንም ልብ በሉ። የኛ ቤተሰብ ሕመም መቼ ጀመረ ሲባል ቀን አይነግራችሁም። «ፍልሰታ ሲገባ»፣ «ለአረፋ ማግስት»፣ «ልጅቷ ፈተና ስትወስድ» ይላችኋል። ወረቀት ላይ አንድ መስመር አስምሩ፣ በዓላቱን ደርድሩበት፣ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቀን በቀይ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ እናትን፣ ጎረቤትን፣ የእድር ዳኛን ለየብቻ ጠይቁና እያንዳንዱን ቃል መስመሩ ላይ አስቀምጡ። የሚጋጨው ቃል አያስደንግጣችሁ። የማይጋጭ ከሆነ ነው ተመካክረው እንዳይሆን የምትጠረጥሩት።

ማዕረግ፣ ጆርናል፣ ደመወዝ

ይሄን ቶሎ ልለፈው። ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ወደ ተባባሪና ወደ ፕሮፌሰር የምትወጡት በሕትመት፣ በማስተማርና በማኅበረሰብ አገልግሎት ነው። ገንዘብ ከፍላችሁ በሳምንት የሚያትምላችሁን ጆርናል ራቁት፤ ዛሬ ቢያሳድጋችሁ ነገ ፋይላችሁ ላይ ያለ ጠባሳ ነው። ከአንድ በር የተሠሩ ሦስት የተያያዙ ጽሑፎች ከዘጠኝ የተበታተኑ ይሻላሉ፣ የውጭ ገምጋሚም ይህን ያያል። ኮርስ አስከፍቱ፣ «ሶሻል ወርክና ሕግ» ብላችሁ ጀምሩ፣ ፎረንሲክ የሚለው ስም ኃላፊዎቹን ካስኮረፋቸው። ደመወዙን ታውቁታላችሁ። እኔም አውቀዋለሁ።

ውጭ ለምትማሩና ውጭ ላላችሁ

ቼቨኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለአንድ ዓመት ማስተርስ እንግሊዝ ይወስዳል። የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ጨርሳችሁም ለሁለት ዓመት አገራችሁ መመለስ አለባችሁ። እንግሊዝ አገር ይህ መስክ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከባድ ወንጀል ፈጽሞ ሆስፒታል ቆይቶ በቅድመ ሁኔታ የወጣን ሰው ሶሻል ወርከር ተመድቦ ይከታተለዋል፣ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። እስራኤል ውስጥ የፍርድ ቤት የአመክሮ ሠራተኞች ሶሻል ወርከሮች ናቸው፤ አማርኛ ከቤት ይዞ ያደገ ተማሪ እዚያ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አያሻኝም።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ስሌቱን ቀድማችሁ ሥሩት። እውቅና ያለው የሶሻል ወርክ ማስተርስ ቢያንስ 900 ሰዓት የመስክ ልምምድ አለው። ከልምምዱ ግማሹን እንኳ የሕዝብ ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ ወይም የአእምሮ ጤና ፍርድ ቤት ውስጥ ለማድረግ ጠይቁ። እነዚህ ፍርድ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1997 ፍሎሪዳ፣ ብራዋርድ ካውንቲ ጀምረው ዛሬ በብዙ ስቴቶች አሉ። የፕራክቲስ (የተግባር ሥራ) ኮርስ ለማስተማር ከማስተርስ በኋላ የሁለት ዓመት ሥራ ይጠየቃል፤ ፒኤችዲ ብቻውን አይበቃም፣ እዚህ ላይ የተሸወዱ ጓደኞች አሉኝ። ከአገር ቤት ዲግሪ ይዛችሁ ከሄዳችሁ መጀመሪያ አቻነቱን አስመዝኑ። ዲሲ ላላችሁ አንድ ልጨምር። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 የተከፈተው የሴንት ኤልዛቤት ሆስፒታልም እዚያው ነው፤ ፍርድ ቤት የሚልካቸው ታማሚዎች የሚታዩበት ነው። አስተርጓሚ «ሐሳብ ነው የያዘኝ» የሚለውን «እያሰብኩ ነው» ብሎ ሲተረጉም ምን እንደሚሆን አስቡና ከዚያ ርዕስ አውጡ።

ስለ ራሳችሁም ትንሽ። የሰማችሁት ነገር ቤት ይከተላል። እኔ አንድ ወቅት ልጄ በር ሲያንኳኳ እደነግጥ ነበር። ከቃለ መጠይቅ በኋላ ስም ሳትጠሩ የምታወሩት አንድ የሙያ ሰው በየሁለት ሳምንቱ ይኑራችሁ፣ በቀን ከሦስት ሰው በላይ አታናግሩ።

ጥናቱ ሲያልቅ፣ ያን ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ያለው ቴሲስ ለማረሚያ ቤቱ አትስጡ። ሰጥቼ አውቃለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ስመለስ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ ሻይ ተቀምጦበታል። አሁን ሁለት ገጽ በአማርኛ እጽፋለሁ፤ አንዱ ገጽ ለአስተዳደሩ፣ ምን እንደተገኘና በዚህ ወር ያለ በጀት ምን ማስተካከል እንደሚቻል። ሁለተኛው ለታራሚዎቹ፣ ጮክ ተብሎ የሚነበብላቸው። ባለፈው እሱን ሳነብ ከኋላ አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «መብራቱን በተመለከተ የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ግን ከአራት ሰዓት በኋላ ይጥፋ ነው ያልኩት፣ አንተ አምስት ብለሃል» አለኝ። ደብተሬን አየሁት። አራት ነው የሚለው።